ሐይቄ፣ ዶማው እና የአዴ ጫልቱ በትር

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ጋሽ ቱፋ ትከሻዬ ላይ ዱላ ሰበሩብኝ።

ሳጉሬ አጠገብ ባለው መሬታችን ላይ ምንጭ ገድቤ ትንሽ ሐይቅ ሠርቼ ነበር። ዓሣ ጨምሬበት፣ ዳሩ ላይ ወንበር ዘርግቼ ስዝናና ከረምኩ። (ፎቶውን ላይክ ያደረጋችሁ ሁሉ ተባባሪ ናችሁ።)

ዛሬ ጋሽ ቱፋ ግድቡን በዶማ ሲንዱት ደረስኩባቸውና አንገታቸውን አነቅኳቸው። ዱላው የመጣው ያኔ ነው።

ደሜ ፈላ። አናታቸውን ልፈልጠው አካፋ አነሳሁ።

ሚስታቸው አዴ ጫልቱ ሲንቄያቸውን ይዘው መሃላችን ቆሙ። አርሲ ውስጥ ያገባች ሴት ያን በትር ይዛ ከገባች ጠብ እዚያው ያበቃል። እጄ አየር ላይ ቀረ።

«ልጄ፣ ጥጃችን ትናንት በውኃ ጥም ሞተ። ወደ ታች የሚወርደውን ውኃ የያዝከው አንተ ነህ» አሉኝ።

የቀረውን ግድብ በዚያው አካፋ ራሴ ናድኩት።

እናንተስ፣ እጃችሁ ተነስቶ ሳለ መሃል የገባላችሁ ማን ነው?