ለጋሼ ያለዘብኩት ቃል

እንግሊዝኛ የተማርኩት በታላቅ ወንድሜ ትከሻ ነው። ይህን የምለው ለማሳመር አይደለም። አባታችን ከሞተ ወዲህ ጋሼ በበቅሎዎቹ ከሐረር ቡና እየጫነ ድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ያደርሳል፤ ከዚያ ጨርቅና ጨው ጭኖ ይመለሳል። እኔ ደግሞ ደብተሬን ይዤ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ብዙ ስለሚበልጠኝ ፊት ለፊት አንቱ ነበር የምለው። አሁን ስጽፍ ግን እሱ እለዋለሁ። ከዚህ በላይ እንዲርቀኝ አልፈለግሁም።

የእንግሊዝኛ መምህራችን ከኤደን በኩል የመጣ ህንዳዊ ነበር። አማርኛው ይሰባበራል፤ ምሳሌ ሲያመጣ ግን ከእኛው ከተማ ነው የሚያመጣው። ከን፣ ሜይ እና መስት የሚባሉትን ቃላት ያስተማረን በከተማው ግንብ፣ በጁገል በር ነው።

"ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩ ክፍት ነው። እግር አለህ። መግባት ትችላለህ፤ ይህ ከን ነው። ዘበኛው ግባ ካለህ ሜይ ነው። በሩ ሊዘጋ ነው፣ ከኋላህ ጅብ አለ። ይህ መስት ነው።"

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ "ጅቡስ የቱን ይላል?" ብሎ ጠየቀ።

መምህሩ ሳይስቅ "ጅብ ከን ብቻ ነው የሚያውቀው" አለው።

እንግሊዞች ሊሆን የሚችለውንና የግድ የሚሆነውን በነዚህ ትንንሽ ቃላት ይለዩታል። ዝናቡን ሜይ ካሉት ሊዘንብም ላይዘንብም ይችላል። ማይት ካሉት ነገሩ የበለጠ ያጠራጥራል። ሹድ ምክር ነው፤ ሰሚው ቢተወው ይታዘቡታል እንጂ አይፈርዱበትም። መስት ግን መውጫ የለውም። ይህን ስሰማ ገረመኝ። እኛ ቤት እናቴ ነገ እንጨት እገዛለሁ ለማለት እንኳ "እግዜር ካለ" ትላለች። ጋሼ ቡናቸውን የሚጭንላቸው የፈረስ መጋላ ገበያ ነጋዴም ኢንሻአላህ ሳይሉ ቀጠሮ አይሰጡም። ሰው በራሱ አፍ ይህ የግድ ይሆናል ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

አመሻሽ ላይ ጋሼ ደጃፍ ተቀምጦ መደላድል ይጠግናል። መደላድል በበቅሎዋ ጀርባና በጭነቱ መሀል የሚገባው፣ ጭድ የተጠቀጠቀበት ትራስ ነው። እየሰፋ ያስጠናኝ ነበር።

"እስቲ የዛሬውን አሰማኝ፣ አንተ ተማሪ።"

"መስት ማለት አለብኝ ማለት ነው፣ ጋሼ።"

"እሱንማ እኛም እናውቀዋለን። ሥራ አለብኝ፣ ዕዳ አለብኝ፣ ሳል አለብኝ። ይኸው፣ ሁሉም የሚጫነው እላይ ነው።"

"በቅሎዋስ ምን ትላለች?"

"እሷማ ሲበዛባት ትተኛለች። ከእኔ ትሻላለች" አለና ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። መስት የምትለዋ ቃል ስለጣመችው ከዚያ ወዲህ በቅሎዎቹን ሲነዳ "መስት፣ መስት" ይላቸው ነበር።

ሳሉ እየባሰ ሄደ። ክረምቱ ሲገባ ነጋዴው "ወላሂ ሐኪም ሳያይህ አንድ ጆንያ አልሰጥህም" አሉት። ሐኪሙ አማርኛ የማያውቅ ፈረንጅ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ነው የሚነጋገረው። ላስተረጉም አብሬው ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ መንገዱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር። የተማርኩት ለጋሼ ሊጠቅም ነው ብዬ ነው።

ሐኪሙ ደረቱን ከፊትም ከኋላም ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እንድከተለው ቀስ እያለ ተናገረ። ጭነት መተው አለበት፣ መስት። ክረምቱ እስኪያልፍ መተኛት አለበት፣ መስት። ዳገት ጨርሶ መውጣት የለበትም። እንዲህ ካደረገ ሊድን ይችላል። ካላደረገ ግን ዝናቡ ሲያቆም በሕይወት ላናገኘው እንችላለን። ሁሉንም ሰማሁ። አንድም ቃል አላመለጠኝም።

"ምን አለ?" አለኝ ጋሼ፣ ሸሚዙን እየቆለፈ።

"ቢያርፉ ጥሩ ነው ይላል።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪሻልዎት። ቢቻል… ክረምቱን።"

"ባይቻልስ?"

"እግዜር ያውቃል" አልኩት።

ሐኪሙ ያን ሁሉ ተናግሮ የእኔ ቃል ያን ያህል ማጠሩን ያስተዋለ ይመስለኛል። ነገርከው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ።

እኛ ቤት ታናሽ ታላቁን ይህን ማድረግ አለብዎት አይልም። ቢያደርጉት ይሻላል ይላል፣ ምናልባት ይላል፤ ታላቁ ከፈለገ ይሰማል። አለብዎት ማለት ከእሱ በላይ መቀመጥ ነው። ደግሞም ለታመመ ሰው ሞትን በስሙ አንጠራበትም። ስለዚህ ቃሉን እንደ ጭነት በመደላድል ላይ አሳርፌ ሰጠሁት። የመጀመሪያው ምክንያቴ ይህ ነው። እውነት ነው።

ሁለተኛ ምክንያት ግን አለኝ። ጋሼ ከተኛ የበቅሎዎቹን ገመድ የሚይዘው እኔ ነኝ። ትምህርቴን ልጨርስ አንድ ዓመት ቀርቶኝ ነበር። ሐኪሙ ሲናገር ይህን አስቤዋለሁ። ከመናገሬ በፊት አስቤው ይሆን ከተናገርኩ በኋላ? ይህን ደጋግሜ ራሴን ጠይቄአለሁ። አላውቅም።

ጥቂት ቀን አረፈ። ከዚያ አንድ ጠዋት በቅሎዎቹን አውጥቶ ጠራኝ። በቅሎ በአንድ ሰው አይጫንም፤ አንዱ በወዲህ፣ አንዱ በወዲያ ሆኖ እኩል ማንሳት አለባቸው። እኔ በወዲያ በኩል ቆሜ አነሳሁ።

"ጋሼ፣ ሐኪሙ እንዲያርፉ ነበር እኮ ያለው።"

"ጥሩ ነው ብሏል አላልከኝም?"

"ብሏል።"

"ጥሩ ነገር ሁሉ ይደረጋል እንዴ? ሳብ አድርገው።"

ሳብ አድርጌ አሰርኩት።

ከድሬዳዋ ሲመለስ ደንገጎ ዳገት ላይ ደም ተፋ። አብረውት የነበሩት ነጋዴዎች ጨውን ከበቅሎዋ ላይ አውርደው እሱን ጭነው አመጡት። መስቀል ሳይደርስ ሞተ።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ "የማይቀር ነው" ይል ነበር። "ቀኑ ደርሶ ነው።" እኔ በጊዜው ከአፌ አልወጣ ያለኝን ያን ከባድ ቃል ሰው ሁሉ አሁን በቀላሉ ይናገረዋል። ድንኳኑ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። ሰው አዘነ እያለ ውሃ አቀበለኝ።

አርባው ካለፈ በኋላ እናቴ በቅሎዎቹን ለመሸጥ ተስማማች። ገዢው በሚመጣበት ጠዋት መደላድሉን ደጅ አውጥታ አቧራውን በዱላ ታራግፋለች። አጠገቧ ቆምኩ።

"እማዬ፣ ሐኪሙ ያለው እኔ እንደነገርኳችሁ አይደለም።"

"አውቃለሁ" አለች። መምታቷን አላቆመችም። "ወንድምህ ነግሮኛል። ፈረንጁ ብዙ ተናገረ፣ ልጁ ትንሽ ነገረኝ፤ ያቺን መስቱን ግን በጆሮዬ ሰምቻታለሁ አለኝ። እንዳልጠይቅህ አስምሎኝ ነው።"



"ታዲያ ጋሼ ለምን ሄዱ?"

"አንድ ዓመት ነው የቀረው አለኝ። ያንተን ትምህርት ማለቱ ነው።"

"አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?"

ዱላው ቆመ። አቧራው እስኪወርድ ጠበቀች።

"ዝም አላልኩም። ብታርፍ ጥሩ ነው አልኩት" አለች።

ሁለታችንም ያልነው አንድ ቃል ነበር። እሷም እንደ እኔ አለሳልሳ ተናግራለች። ይህ ሊያጽናናኝ ይችል ነበር። ግን እሷ ሁለተኛ ምክንያት አልነበራትም። አሁን ካልነገርኳት መቼም እንደማልነግራት ገባኝ።

"እማዬ፣ ደግሞ ሌላም…"

"ነገ ትምህርት ቤት ትሄዳለህ" አለችኝ።

እግዜር ካለ አላለችም። ቢሆን ጥሩ ነው አላለችም። ከእሷ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ አላውቅም ነበር። ልትምረኝ ብላ የተናገረችው ቃል ሄዶ ያረፈው በዚያው ባልነገርኳት ሁለተኛ ምክንያት ላይ ነው። 

ገዢው ሲመጣ የመደላድሉን አንድ ጫፍ እሷ፣ አንዱን እኔ ይዘን አወጣንለት። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሌላውን እስካሁን አልነገርኳትም።