በባዶው በረት የፈነዳው አደይ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ማለዳ ከባዶው በረታችን የላማችን የቡሬ ቃጭል ሲያቃጭል ሰማሁ።

አምና በሽታ ገብቶ የአንኮበርን ከብት ሲፈጅ ቡሬም አልቀረችልን። የሚረግጠው ያጣው በረት ዘንድሮ አደይ አበባ ለብሷል።

ጎረቤቴ "ጓሮሽ እንዴት አማረ!" ትለኛለች። ከሚያምርስ ቢረገጥ ይሻለኝ ነበር።

ቃጭሉን ስሰማ እጄ ለምዶበት ማለቢያዬን አንስቼ "መጣሁ ቡሬ፣ መጣሁ!" እያልኩ ወጣሁ።

ለካ ቁራ ነው፤ ከአበባው መሃል ቃጭሏን አግኝቶ በምንቃሩ ይጎትታል።

ዞር ስል ባለቤቴ ከኋላዬ ቆሟል። ሊስቅብኝ ነው ብዬ ማለቢያውን በነጠላዬ ሸፈንኩት።

አልሳቀም። ለቡሬ ያልሳት የነበረውን ጨው በእጁ ጨብጧል።

"አንቺም ሰማሻት?" አለኝ።

እናንተስ፣ ባዶው በረታችሁ ሲጠራችሁ ምን ይዛችሁ ወጣችሁ?