ብር በባዶ እጅ አይነካም

ጸጉር አስተካካዩ ባሏ በትዳር ዘመናቸው ሁሉ የተቆጣት በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ በብሮቹ። ብሮች ሲባል የሚመነዘሩት አይደሉም። ድልድይ ሲመረቅ፣ መርከብ ሲሸኝ፣ አንድ ትልቅ ሰው ሲታወስ ከንጹሕ ብር የሚቀረጹ፣ ሳንቲም የሚመስሉ መታሰቢያዎች ናቸው። ዳቦ እንኳ አይገዙም። እሱ ግን ከተጓዥ ደንበኞቹ አንድ በአንድ ለምኖ ያጠራቀማቸው ስለሆኑ እንደ ዓይኑ ብሌን ነበር የሚሳሳላቸው።

ብር ደግሞ አመለኛ ነው። ላብ ይጠላል፣ እርጥበት ይጠላል፣ ላስቲክና ሱፍ ይጠላል፤ ትንሽ ችላ ካሉት ይጠቁራል። ስለዚህ እያንዳንዱ በክብ የፕላስቲክ ማቀፊያ ይገባል፤ ማቀፊያዎቹ ክዳኑ ግጥም በሚል ሣጥን ይደረደራሉ፤ ከሥር እርጥበት የሚመጥ ጠመኔ ይቀመጣል። እሁድ እሁድ ነጭ የጥጥ ጓንት አጥልቆ፣ ጠርዝ ጠርዛቸውን ይዞ ሲያገላብጣቸው ላየው ሰው ቀዶ ሕክምና ላይ ያለ ነበር የሚመስለው። ሚስቱ እንቁላል ልትቀቅል ስትነሳ ገና ውሃው ሳይሞቅ ይጮኻል፦ "መስኮቱን ክፈቺ! ሽታው ያጠቁርብኛል!" ጠጋ ብላ ልታይ ስትል ደግሞ፣ "እጅሽን! በዓይንሽ ብቻ!" ይላታል። እሷም፣ "ምነው እኔን እንዲህ ጠብቀህ ባኖርከኝ፤ ይሄኔ አንድ ሽበት ባልኖረኝ" ብላ ወደ ድስቷ ትመለሳለች።

ከዚያ ዓይኑ ደከመ። መጀመሪያ መቀሱን ሰቀለ፣ ቀጥሎ ጋዜጣውን ተወ፣ በመጨረሻ ጭራሽ ጨለመበት። ይህንንም እያሾፈ ችሎት ነበር። አንድ እሁድ ግን ጓንቱን አጥልቆ ሣጥኑን ሲከፍት፣ በጥጡ ውስጥ ሲዳስሳቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ክብ ነገር ሆነበት። ክዳኑን ገጠመና ሣጥኑን አልጋው ሥር ገፋው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጨዋታው ጠፋ። ምግቡን ቆንጠር ያደርጋል፣ ሲጠሩት "አቤት" ይላል፣ በቃ። ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ሲያስቅ የኖረ አንደበት እንዲህ ሲዘጋ ቤቱ ጠበባት። ባሏ ከጎኗ ቁጭ እንዳለ እያመለጣት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት አላስችል አላት። ሣጥኑን ጎትታ አወጣችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። አንዱን ማቀፊያ ፈልቅቃ፣ ብሩን በመሀረብ ይዛ ባዶ መዳፉ ላይ ጣል አደረገችው።

"አንቺ ሴትዮ፣ አብደሻል?" አለ ደንግጦ። "ጓንቴስ? ላቤ ያጠቁረዋል እኮ!"

"ይጥቆራ! ማን ሊያየው ነው?"

ቃሉ ካፏ እንደወጣ ምላሷን ነከሰች። የእሱ እጅ እንደተዘረጋ ቀረ። ይቅርታ ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት አውራ ጣቱ ተንቀሳቀሰ። ብሩ ላይ የተቀረጸውን ራስ ከግንባሩ ጀምሮ ወረደ፣ ጆሮው ጋ ቆም አለ፣ ወደ ማጅራቱ ዞረ፣ ደግሞ ተመለሰ። በዚያ ጣት ሥር ስንት ጭንቅላት አልፏል።

"ይሄን ሰውዬ ማነው ያስተካከለው?" አለ በመጨረሻ። "ማጅራቱን አበላሽቶታል።"

ሳቅና እንባ አንድ ላይ አመለጧት።

"ሌላ አምጪ" አላት።

ከዚያ ወዲህ ጓንት የለ፣ ማቀፊያ የለ። ድልድዩን ቅስት በቅስት፣ መርከቡን ሸራ በሸራ እየዳሰሰ፣ ማን እንደሰጠውና የሰጪው ጸጉር ምን ያህል አስቸጋሪ እንደነበር ያወራላታል፤ ግማሹን ከራሱ ሳይጨምርበት አይቀርም። ብሮቹም የዘመናቱን ክልከላ በጥቂት ወራት አካክሰው ጠቆሩ። እሷ እያየች አልነገረችውም፤ ጨዋታው ተመልሶ እንዳይጠፋ ፈራች።

በቀደም ግን ራሱ ጠየቃት። "እውነቱን ንገሪኝ። ጠቁረዋል አይደል?"

ልትዋሸው ፈልጋ ነበር፤ አልሆነላትም። "ከሰል መስለዋል" አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በእጁ የነበረውን መርከብ ድምፅዋ ወደመጣበት ዘረጋ። "እንግዲያ አንቺም ንኪያ" አላት። "ምን ትጠብቂያለሽ?"

እጇን በቀሚሷ ጠረገችና፣ ከተጋቡ ጀምሮ በዓይኗ ብቻ የምታውቀውን ብር ተቀበለችው። መዳፉ ውስጥ ሲገላበጥ ስለዋለ ሞቋል።