ጋሻዬ ሬሳ ሆኖ የተናገረ ዕለት

ጋሻዬ በ1988 ዓ.ም. ሲቀላ ሰፈር ውስጥ በእትዬ ሻሺቱ ቪዲዮ ቤት ፊልም አስረጂ ነበር። ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጦ የፈረንጆቹን ንግግር እየተከተለ በአማርኛ ይናገራል። ትምህርቱን ያቋረጠው ከዐሥረኛ ክፍል ስለሆነ ግማሹን በጆሮው ይሰማል፣ ግማሹን ከሰዎቹ ፊት ያነባል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ምስሉ ላይ የሚታየውን ሰው ሆኖ ይናገራል። ሴት ከታየች ድምፁን ያቀጥናል፣ ሽማግሌ ከታየ ያስላል።

በዚያ ሰሞን ግን ተመልካቹ ፊልሙን ከመሐል እየተወ መውጣት ጀምሮ ነበር። እትዬ ሻሺቱ፣ ዛሬም ከወጡ ከነገ ጀምሮ ካራቴ ብቻ እንደምታሳይ ነገረችው። ካራቴ ደግሞ አስረጂ አያስፈልገውም።

የዚያን ቀን ከሰዓት የመጣው የወንጀል ፊልም ነው። ሁለት ሌቦች አንድ ሀብታም ገድለው ሬሳውን ከፎቅ ያወርዳሉ። እዚህ ላይ ካሜራውን ምን እንደነካው እንጃ፣ ሟቹ ከምስሉ ጠፋ። የሚታየው ከላይ ወደ እኛ ወደ ተመልካቾቹ ያጎነበሰው የሌቦቹ ፊት ብቻ ሆነ። ጣሪያው ይዞራል፣ ደረጃው ይገለባበጣል። ጋሻዬ ወደ ምስሉ ተጠጋ። የማንን ቃል ይናገር?

"ማነው እንዲህ የሚያየው?" አለ ጋሽ ኦይታ ከኋላ። ጋሽ ኦይታ ከጫሞ ሐይቅ ዓሣ እያመጣ የሚሸጥ የደጋ ሰው ነው፤ በአገሩ ለቅሶ ሲኖር ሟቹን በስሙ እየጠራ የሚያስለቅስ እሱ ነው።

"ሟቹ መሰለኝ" አለ ጋሻዬ።

"እኔ ስንቱን ጠርቼ የመለሰልኝ የለም። ይኸኛው ካየማ ይናገራ።"

ጋሻዬ ትንሽ አመነታና በታመመ ሰው ድምፅ ጀመረ። "ቀስ በሉ እንጂ፣ ጭንቅላቴን ደረጃው ፈጀው። አንተ እግሬን የያዝከው፣ በቁሜም አልወድህም ነበር።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ሰው ሞቶ ምን ያስቀኛል ብዬ አፌን ያዝሁ። ሙዚቃው የሐዘን ነው፣ የሌቦቹ ፊት ኮስታራ ነው። ጋሻዬም እየተናገረ ግራ የተጋባ ይመስል ነበር።

ሌቦቹ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ አፈሩን ካሜራው ላይ ይመልሱት ጀመር። ቴሌቪዥኑ ድርግም አለ። በእኛ ከተማ ይህ ሲሆን ምክንያቱን የሚጠይቅ የለም። ፉጨቱ ቀለጠ፣ መብራት ሄደ ተባለ፣ የፊተኞቹ ወደ በሩ ተነሡ። እትዬ ሻሺቱ በሩ ላይ ቆማ ጋሻዬን አየችው።

"ተቀመጡ" አለ ጋሻዬ። "መብራቱ አልሄደም። አፈር አልብሰውኝ ነው።"

ፉጨቱ ቆመ። እውነትም የአካፋው ድምፅ ይሰማል። ይኼኔ ጋሽ ኦይታ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። ቀብር ላይ ተቀምጦ የሚያይ ሰው የለምና አጠገቡ ያሉትም ተከተሉት፣ ከዚያ ሁላችንም ቆምን። ጋሻዬ ከበርጩማው ሆኖ የቆመውን ሕዝብ ያያል፤ ልንወጣ ይሁን ልንቀብር አላወቀም። አንድ ሰው ከጥግ ሳቀና መልሶ ዝም አለ። ምስሉ ተመለሰ፤ ሌቦቹ አካፋውን ማን ይሸከም በሚል ይጨቃጨቃሉ። አንድ በአንድ ተቀመጥን።

ፊልሙ ሲያልቅ ጋሻዬ ወደ እትዬ ሻሺቱ ሄደ።

"እትዬ፣ ያ ነገር ያስቅ ነበር?"

እሷም አሰበች። "እኔ እንጃ። ግን አልወጡም። ነገም የማሳየው ይኼንኑ ነው፤ አንተም ነገ ትሞታለህ።"

እሺ አላት።