ከሃያ አሥራ ሁለት

በአንድ ክፍል ሰባ ሁለት ልጅ ያስተማረ ሰው ይፍረደኝ። የሒሳብ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ሳልጨርስ መልሱን የምታውቅ ተማሪ ነበረችኝ፤ የአንዲት ልብስ ሰፊ ልጅ። ሥራ ፈትታ ከምትቀመጥ ብዬ ቀይ እስክሪብቶ ሰጠኋትና የጓደኞቿን ደብተርና ፈተና እንድታርም አደረግኋት። የእሷን ብቻ እኔ አርማለሁ። ያከበርኳት መስሎኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የቀለለው የእኔ ሸክም ነው።

ዓመቱ ሳይጋመስ ልጆቹ «እትዬ ኤክስ» የሚል ስም አወጡላት። በእረፍት ሰዓት ገመድ ወደሚዘሉት ስትጠጋ ገመዱ ይጠቀለላል። ከቧንቧው አጠገብ ግድግዳ ተደግፋ ብቻዋን ትቆማለች። እኔም በመስኮት እያየኋት «ጭምት ናት» ብዬ አልፋለሁ። አንጀት የሌለኝ!

ከዚያ ውጤቷ ወረደ። ከሃያ አሥራ ሁለት። በሚቀጥለውም ፈተና አሥራ ሁለት። በሦስተኛውም።

ለርዕሰ መምህሩ ብነግረው ሳቀብኝ። «ጎበዝ ልጅ በራሱ ይወጣዋል፤ አንተ ለሰነፎቹ እዘን» አለኝ።

ወረቀቷን ደግሜ አየሁት። ስምንቱም ስሕተት ከትክክለኛው መልስ በአንድ ይበልጣል። ጠራኋት።

«ሆን ብለሽ ነው አይደል?»

አቀርቅራ መለሰችልኝ። «የክፍሉ አማካይ አሥራ ሁለት ነው፣ ቲቸር። የማርመው እኔ አይደለሁ? አስልቼው ነው።»

እስክሪብቶውን ተቀበልኳትና እኔን ራሴን ሁለት ሳምንት የፈጀብኝን ጥያቄ ደብተሯ ላይ ጻፍኩላት። በሦስተኛው ቀን በእረፍት ሰዓት ሠርታ አመጣችው። አራተኛው መስመር ላይ ስታለች።

«ተሳሳትኩ?» አለች። «የእውነት?» ፊቷ እንደዚያ ሲፈካ አይቼው አላውቅም። «ቲቸር፣ በሞቴ ኤክስ ያድርጉበት። ትልቅ ይሁን። ላሳያቸው።»

ገጹን የሚሞላ ኤክስ አደረግሁላት። እየሮጠች ወረደች። በመስኮት አያታለሁ። ገመዱ ቆመ። አንዷ ደብተሩን ተቀብላ አየችው፣ መለሰችላት፤ ከዚያ ገመዱ እንደገና መዞር ጀመረ።

ልጄ ደብተሩን ደረቷ ላይ አቅፋ ወደ ቧንቧው ተመለሰች። ያን ጊዜ በመስኮት ማየቱን ትቼ ወረድኩ። ደወሉ እስኪደወል ድረስ አጠገቧ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።