ጋሼን አንበሳ ላሳይ ሄጄ

ከጉለሌ ተነስቶ የኬንያን ጫካ ያስጨነቀ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። ዝሆኖቹ መንገድ ይለቁልኝ ነበር፤ ቀጭኔዎቹ ያን ሁሉ አንገት አጥፈው እጅ ይነሱኝ ነበር። አዲሱ ገበያ ታክሲ ተራ ላይ ይህን ስናገር ሰሚ አላጣም። እውነቱ ግን፣ እ... ማለቴ፣ ጉዞው የኔ አልነበረም። የተጋበዘው ታላቅ ወንድሜ ነው። እኔ የተወሰድኩት ጭንቅላቱን እንዳዞርለት ነው።

ቀልዴን አይደለም። ጋሼ ቀጨኔ ሰፈር ባለችው ጠባብ ሱቁ በስፌት መኪና ጥልፍ ሲጠልፍ የኖረ ሰው ነው። የትራስ ልብስ፣ የአልጋ ልብስ፣ አብዛኛው ደግሞ አንበሳ ያለበት። ግላኮማ የሚሉት በሽታ ዓይኑን ከዳር ወደ መሀል እየበላ መጥቶ፣ የቀረችው እይታ በቁልፍ ቀዳዳ እንደማጮለቅ ሆናለች። በትክክል ያነጣጠረበትን ያያል፤ ከዚያ ትንሽ ወጣ ካለ ተራራም ቢሆን የለም። ሐኪሙ እሷም ብዙ እንደማትቆይ ነግሮታል። ናይሮቢ የምትሠራው ልጁ ይህን ስትሰማ ደወለች።

“አባዬ፣ ሳይጨልም ምን ማየት ትፈልጋለህ?”

“የአንበሳ ፊት።”

ልጆች ሆነን ስድስት ኪሎ አንበሳ ልናይ በሄድን ቁጥር አንበሳው ጀርባውን ሰጥቶን ይተኛ ነበር። ጋሼ ዕድሜ ልኩን የጠለፈውን ፊት የፈለሰፈው ከራሱ ነው። “ያንተ አንበሳ እኮ የተከፋ በግ ነው የሚመስለው” እያልኩ አበሽቀው ነበር። ለካ ውስጡ ገብቷል።

ልጅቷ የሁለታችንንም ከፈለች። ሳንሄድ ተለማመድን። ዊንጌት ታክሲ ስንጠብቅ ከኋላው ቆሜ ሁለት ጆሮውን እንደ መሪ እይዝና “ግራ፣ ግራ፣ አሁን ዝቅ” እላለሁ።

“አገኘሁት! አህያ ነው” ይላል።

ሰልፈኛው በሙሉ ያየናል። አብደዋል ያላለን ሰው ያለ አይመስለኝም።

የኬንያ ጫካ ስንደርስ ጣራውና ጎኑ ክፍት የሆነ መኪና ላይ ጫኑን። ከፊት አስጎብኚው፣ ከኋላችን ደግሞ ባልና ሚስት ፈረንጆች። የካሜራቸው ርዝመት መድፍ ነው፤ ሲያዞሩት ሦስት ጊዜ ማጅራቴን ብሎኛል። ጋሼን በጆሮው እየነዳሁ የሜዳ አህያ አሳየሁት፣ ጎሽ አሳየሁት። አንበሳ ግን የለም። አስጎብኚው “ነገ” ይላል። በነጋታውም “ነገ” ይላል።

አንድ ማታ አስጎብኚው መኪናውን አቁሞ፣ ቅዳሴ መሀል እንዳለ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር አንሾካሾከ። ፈረንጇ በደስታ እንባዋ መጣ።

“ምንድነው? ምንድነው?” አለ ጋሼ፣ ጆሮውን ራሱ እያቀበለኝ።

“ጅብ።”

“ጅብ? ያ ከእንጦጦ እየወረደ ቆሻሻችንን የሚገለብጠው? ለዚህ ነው ፓስፖርት ያወጣነው?”

ለአስጎብኚው “ጅብ ጎረቤታችን ነው” ብዬ ባለችኝ እንግሊዝኛ አስረዳሁት። ሳቀብኝ። በሕይወቴ አንድ ጊዜ እውነት ብናገር፣ እሱንም እንደ ቀልድ ወሰደው።

በመጨረሻው ጠዋት ጋሼ ቁርሱን አልነካም። መኪናው ላይ ስንወጣ “ዛሬ ጠበቅ አድርገህ ያዘኝ” አለኝ። እንዲህ ሲለምን ሰምቼው አላውቅም።

ብዙም ሳንሄድ አስጎብኚው ሞተሩን አጠፋ። አንበሳ በግራ በኩል፣ መኪናችንን ተጠግቶ እየመጣ ነው አለ። የጋሼን ጆሮዎች ያዝኩ።

“ግራ፣ ጋሼ። ግራ። ዝቅ...”

አንበሳው አገሳ። ድምፁን የሰማሁት በጆሮዬ ሳይሆን በአንጀቴ ነው። እጆቼ ከጋሼ ራስ ላይ ወረዱ።

“ዝቅ ብያለሁ። ከዚያስ?” አለ ጋሼ።

ጆሮውን እንደገና ወደ ኋላ አቀበለ።

“አንተ! የት ጋ ነው? ሣር ብቻ ነው የማየው። አንተ!”

ፈረንጇ ልትረዳው ፈልጋ በጣቷ ጠቆመችለት። ጣቷንም አላየውም። ራሱን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ ፈለገ፣ በቃ እንደ ጠፋበት ሰው። ካሜራዎቹ ሲንጫጩ ቆዩና ጸጥ አሉ። አንበሳው በመኪናው ኋላ ዞሮ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባ። ብንጠብቅም አልወጣም፤ የመመለሻችን ሰዓት ደረሰ።

ጋሼ መንገዱን በሙሉ ጆሮውን አላስነካኝም። ናይሮቢ ልጁ ሮጣ አቀፈችው።

“አየኸው፣ አባዬ?”

“እንዴታ! ፊቱ እንዴት ያለ መሰለሽ!” አላት። እሱ፣ ውሸት የማይሆንለት ሰው።

ያቺ ቀዳዳ አሁን ተዘግታለች። ጋሼ ሱቁን አልዘጋም፤ እየሄደ ይቀመጥባታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ስጠይቀው ወንበር ያቀርብልኝና፣ ሰው አለመኖሩን በጆሮው አጣርቶ፣ “እስኪ አሁን እውነቱን ንገረኝ። ሳትጨምር ሳትቀንስ። ፊቱ እንዴት ነበር?” ይለኛል።

ከቁንጫ ዝሆን የምሠራው ሰውዬ የምለው አጣለሁ። አልነግረው ነገር፣ እኔም አላየሁትም። አንበሳው ሲያገሳ ወንበሩ ሥር ገብቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ የጋሼን እግር አቅፌ ነበር። ሱሪዬም ላይ ሸንቻለሁ።