እትዬ ሙጫና የተቀደደው መጽሐፍ

የመዋዕለ ሕፃናታችን ልጆች አንዷን አስተማሪ «እትዬ ሙጫ» ይሏታል፤ የተቀደደ መጽሐፍ ሁሉ የሚጠገነው እሷ ጠረጴዛ ላይ ነዋ! እኔ ከክፍሏ ጎን ያለው ክፍል አስተማሪ ነኝ። ሃያ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ ደግነቷ ግን አንዳንዴ ያናድደኛል።

ዘንድሮ የቆዳዋ ቀለም ከሌሎቹ ልጆች የተለየ አንዲት ሕፃን እሷ ክፍል ገባች። ሰልፍ ላይ እጇን የሚይዝላት ጠፋ። አንዷ ጥርሰ ወላቃ «ቀለሟ ይለቃል!» ብላ አወራች፤ ሁሉም አመኗት። ልጅቷ በየቀኑ እያለቀሰች ወደ ቤቷ ትሄዳለች። አባቷ በመጨረሻ «እስከ አርብ አያታለሁ፤ ካልሆነ ግን አስወጣታለሁ» አለን።

የእትዬ ሙጫ አንጀት አልቻለም። ልጅቷን የምትመስል ሕፃን የተሳለችበት መጽሐፍ ፈልጋ አመጣችና ሐሙስ ጠዋት «ሰው ሁሉ እኩል ነው» እያለች ታነብላቸው ጀመር። በበሩ በኩል ሳይ፣ የክፍሉ ልጅ በሙሉ ዞሮ ልጅቷ ላይ አፍጥጧል። ልጅቷ ድንገት ተነስታ መጽሐፉን ስትመነጭቀው ገጹ ለሁለት ተቀደደ።

«ምን ነካሽ?» አልኳት እትዬ ሙጫን በእረፍት ሰዓት። «ልጅቷን እኮ ማስተማሪያ አደረግሻት!»

«አውቃለሁ፣ እህቴ» ብላ አለቀሰች። ምነው አፌን በያዝኩት!

ከእረፍት በኋላ ስብከቱን ተወችው። ሙጫዋን አውጥታ «ነይ፣ አብረን እንጠግነው» ብላ ልጅቷን ጠራች። ገጹን የሚይዝ ሲጠፋ ጥርሰ ወላቃዋን ጨመረች። ወዲያው የሁለቱም እጅ በሙጫ ተለወሰ። ሲደርቅ ጥርሰ ወላቃዋ ሙጫውን ከልጅቷ ጣት ላይ ትልጥ ጀመር። ላጠች፣ ከሥሩ አየች፣ በምራቋ አርጥባ ፈተገችው።

«እትዬ! አይለቅም እኮ!»

«ያንቺስ?» አለች ልጅቷ፣ በተራዋ የጥርሰ ወላቃዋን ጣት ይዛ እየፈተገች። ከዚያማ ክፍሉ በሙሉ እርስ በርሱ ይፋተግ ያዘ። በሩ ላይ ቆሜ የማየው እኔም በሳቅ ሞትኩ።

አርብ ጠዋት አባትየው ልጁን ይዞ መጣ። በሌላ እጁ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ይዟል። አለቀልን፣ ሊያስወጣት ነው ብዬ ክው አልኩ።

«ትናንት የገዛሁላት አዲስ መጽሐፍ ነው» አለ ግራ ገብቶት። «ዛሬ ጠዋት ዓይኔ እያየ ቀደደችው። ምነው ልጄ ብላት፣ ‹ከጓደኛዬ ጋር እንድንጠግነው› አለችኝ።»

እትዬ ሙጫ ዓይኗን እየጠረገች ሙጫዋን ፍለጋ ገባች።